ከምኑ ላይ ነው ሁለት በመቶ? ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጋራ ፈንዶች ከቆጣቢው የሚወስዱት ዓመታዊ ክፍያ በብር ተሰልቶ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። 31 ዓመት ሒሳብ አስተማርሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን 12 ዓመት የመምህራን ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ስለዚህ የመምህር ቁጠባ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከደሞዝ ላይ ገና እጅ ሳይገባ የምትቆረጥ፣ የልጅ መድኃኒት ወይም የቤት ክዳን ካልጠራት በቀር የማትነካ ገንዘብ ናት። የምጽፈውም ስለዚች ገንዘብ ነው።

ባለፈው ክረምት በማኅበራችን አዳራሽ ስለ ካፒታል ገበያ ስልጠና ተሰጥቶን ነበር። የመጣው ወጣት ትሑት፣ የተማረና አንደበቱ የቀና ልጅ ነው። አክሲዮን ምን እንደሆነ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ ምን እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን አንድ ላይ አዋጥቶ በባለሙያ የሚያስተዳድርበት ሚውቹዋል ፈንድ የሚባለው የጋራ ፈንድም ምን እንደሆነ በግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳየ አስረዳን። በመጨረሻ ስለ ክፍያ ሲጠየቅ፣ «በሌላው ዓለም የፈንድ አስተዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው የሚያስከፍሉት፤ 2 በመቶ ብቻ!» አለ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ጡረተኛ መምህርት እጃቸውን አወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማሩ፣ ግማሹ ከተማ ፊደል የቆጠረባቸው ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ከምኑ ላይ ነው ሁለት በመቶው? ከትርፉ ነው ወይስ ከጠቅላላው?» አሉት።

«ከጠቅላላው ነው እትየ።»

«በየዓመቱ?»

«አዎ፣ በየዓመቱ።»

«የከሰረ ዓመትስ?»

«ያኔም ይከፈላል።»

እትየ ምንም አልተናገሩም። ከነጠላቸው ሥር እስክርቢቶ አውጥተው በተሰጠን ወረቀት ጀርባ ላይ አንዳች ነገር ጻፉ። ወዲያው ሻይና ዳቦ ቀረበና ስብሰባው ተበተነ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ለሰባተኛ ክፍል ልጆች መቶኛ ሳስተምር በቀይ እስክርቢቶ ስጽፍ የኖርሁት ያንኑ የእትየን ጥያቄ ነውና። ልጁ «20 በመቶ» ብሎ ይመልሳል፤ እኔ ደብተሩ ጠርዝ ላይ «ከምኑ?» ብዬ እጽፍለታለሁ። መቶኛ የምን መቶኛ እንደሆነ ካልታወቀ ቁጥር አይባልም።

በማግስቱ ጠዋት ደብተርና የሒሳብ መኪና ይዤ ተቀመጥሁ። ፈንዱ በዓመት 12 በመቶ አተረፈ እንበል። ይህ ለስሌት ያህል የያዝሁት ቁጥር ነው፤ ማንም ለማንም ቃል ሊገባው የሚችል አይደለም። ከጠቅላላው ገንዘብ 2 በመቶ ሲወሰድ ከትርፉ አንድ ስድስተኛው ሄደ ማለት ነው። ትርፉ 8 በመቶ ከሆነ ሩቡ ይሄዳል። 4 በመቶ ከሆነ ግማሹ። «ሁለት ብቻ» የተባለው ቁጥር ከትርፉ ጎን ሲቆም እንዲህ ያድጋል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። በአማርኛችን ወለድ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ገንዘብ ይወልዳል፣ የተወለደውም አድጎ በተራው ይወልዳል። ጊደር ሳለች የተወሰደች ላም ብቻዋን አልሄደችም፤ ጥጆቿ ሁሉ አብረዋት ሄደዋል። ክፍያም እንዲሁ ነው። ዘንድሮ የተወሰደው 2 በመቶ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ሊወልደው የነበረውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። በየዓመቱ ከመቶው 98ቱ ብቻ እየቀረ ሲባዛ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ከገንዘባችሁ አሥራት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ20 ዓመት ሲሶው ይሄዳል። በ34ኛው ዓመት እኩሌታው። ፈንዱ ብዙም ያትርፍ ጥቂት ይህ ድርሻ አይለወጥም።

እነዚህን ሦስት ቃላት የመረጥሁት ለጌጥ አይደለም። በጎጃም አሥራት፣ ሲሶና እኩል ያልገባው ገበሬ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም አቅሙ የደከመ ሽማግሌ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሲሰጥ፣ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ማዳበሪያውን ማን እንደሚችል፣ ጭዱ ለማን እንደሚሆን አንድ በአንድ ሽማግሌ ባለበት ይነገራል። አራሹም ሞፈርና በሬ ይዞ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነው እኩሉን የሚወስደው። አንድ ሰው መጥቶ «2 በመቶ ብቻ» ሲላችሁ ግን፣ ዛሬ የተወለደው ልጃችሁ 20 ዓመት ሲሞላው ከገንዘባችሁ ሲሶው እንደሚሄድ ማንም አይነግራችሁም። «ሲሶ» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አዳራሹ ሁሉ ብድግ ይል ነበር።

የሚታይና የማይታይ ክፍያ በሰው ልብ ውስጥ እኩል አይመዘንም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ የተነሣው፣ መሬቴ ሊለካ ነው የሚለውን ነገር በዓይኑ ፊት ስላየው ነው። የፈንድ ክፍያን ግን ለማየት እንኳ አይቻልም። ሰው ኪሱን ገልጦ አይከፍለውም፣ ደረሰኝ አይቆረጥለትም፣ ከባንክ ሒሳቡ ተቀንሶ መልእክት አይደርሰውም። ከፈንዱ ሀብት ላይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይነሣና የአንዱ ድርሻ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ ይነገረዋል። ቆጣቢው የሚያየው የተረፈውን ነው። ምን ያህል ይሆን እንደነበረ በምን ያውቃል?

እዚህ ቤቴ አጠገብ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በሩ ላይ በጠመኔ የጤፍ፣ የበቆሎና የበርበሬ ማስፈጫ በኪሎ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ዋጋው ሲጨምር የድሮው ተጠርጎ አዲሱ ይጻፋል፤ ነጩ አቧራ ገና ከእንጨቱ ላይ ሳይለቅ ሰው ሁሉ አይቶ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱም ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ሌላው ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እናቶች እህላቸውን ያስመዝናሉ፤ ዱቄቱን ተቀብለው ደግሞ ያስመዝናሉ። ከብናኙ ትንሽ እንደሚጎድል ያውቃሉ፣ ስንት መጉደል እንዳለበትም ያውቃሉ። ባለወፍጮው ዋጋውን ሰርዞ «ክፍያ የለም፣ እኔ ከዱቄቱ ትንሽ ትንሽ አነሣለሁ» ቢል አንድም እናት እህሏን አታስገባለትም። እኔ ከባለሥልጣን መሥሪያ ቤታችሁ የምጠይቀው ያንን የጠመኔ ጽሑፍ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. ይመሠረታል የተባለ አንድ ባንክ አክሲዮን ሲሸጥ የ50,000 ብር ገዛሁ። በላዩ ላይ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 2,500 ብር፣ ከፈልሁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ብሔራዊ ባንክ የአዲስ ባንክ መነሻ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው ብዙ ምሥረታ ላይ የነበሩ ባንኮች መንገድ ላይ ቀሩ፤ የእኛም አልሆነም። ከብዙ ምልልስ በኋላ ዋናው ገንዘብ ተመለሰልኝ። 2,500 ብሩ አልተመለሰም፣ አይመለስም ተብሎም ውሉ ላይ ተጽፎ ኖሯል፤ ደቃቅ ፊደል ስለሆነ አላየሁትም ነበር። በጣም ተናደድሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች። ቢሆንም ያን ክፍያ ከነመጠኑ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ተወሰደ፣ አንድ ጊዜ አመመኝ፣ አለቀ። በየዓመቱ የሚወሰደውና ፈጽሞ የማያመው ከዚህ የበለጠ ያስፈራኛል።

አንድ ወጣት መምህር ከደሞዙ በወር 1,000 ብር ለፈንድ ያስገባል እንበል። ስሌቱን ለማቅለል 12,000 ብሩን በየዓመቱ መጨረሻ አንድ ላይ አስገባሁለት። በ25 ዓመት ከኪሱ ያወጣው 300,000 ብር ነው። ያንኑ 12 በመቶ ያዝሁለት። ክፍያ ባይኖር ኖሮ ወደ 1,600,000 ብር ይደርስለት ነበር። ክፍያው ከጠቅላላው ግማሽ በመቶ ቢሆን 1,468,000 ያህል ያገኛል። 2 በመቶ ከሆነ ግን 1,138,000 ያህል። ልዩነቱን ቀንሱት፤ ወደ 462,000 ብር ነው። ሰውየው 25 ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ጉርሻ ነጥቆ ካስቀመጠው 300,000 ብር ይበልጣል። ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠራሁት፣ ስህተት ያገኘሁ መስሎኝ። ከዚያ ለቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን የባንክ ሠራተኛ ለሆነችው፣ በስልክ አነበብሁላት። እሷም ሠርታ ያንኑ አገኘች።

በአገራችን ደግሞ ነገሩን የሚያብሰው የኑሮ ውድነቱ ነው። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ እንደነበር ሁላችንም በገበያ አይተነዋል። ሰው ወደ ፈንድ የሚሄደው ከዚህ ለማምለጥ ነው። እንግዲህ ፈንዱ 12 አተረፈ፣ ዋጋውም 10 ናረ እንበል። ለቆጣቢው የተረፈው እውነተኛ ትርፍ 2 ብቻ ነው። ክፍያው 2 ከሆነ ያ ሰው 20 ዓመት ቆጥቦ፣ ሥጋቱንም ሁሉ በራሱ ላይ ወስዶ፣ ከቆመበት ፈቀቅ አላለም። ትርፉን በሙሉ የወሰደው አስተዳዳሪው ነው።

ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። እዚያ አሠሪው ከደሞዙ እየቆረጠ ለጡረታው በፈንድ ያስቀምጥለታል። ከስልጠናው በኋላ ደውዬ «የአንተ ፈንድ ስንት ያስከፍልሃል?» አልሁት። «ምንም፣ ነጻ ነው» አለኝ። እስቲ ወረቀቱን ፈልግ አልሁት። በሳምንቱ ደወለ፤ ድምፁ ተለውጧል። እንደ እውነቱ ከሆነ በእነርሱ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሥራ ቦታ የጡረታ ፈንድ ክፍያ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲነገር ግዴታ ሆኗል። ወረቀቱም በየዓመቱ ይደርሰው ነበር፤ ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። የእሱ ፈንድ ከመቶ 1.2 ያስከፍላል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ በዚያው አሠሪ በኩል፣ ትልልቆቹን የአሜሪካ ኩባንያዎች ሁሉ በጅምላ የሚይዝ ፈንድ አለ፤ ክፍያው ከመቶ 0.04 ነው። ሠላሳ እጥፍ። «እኔ እኮ ሁለቱም ከ2 በታች ስለሆኑ አንድ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ወንድሜ ሰነፍ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ነው ሁለት ልጆች ያስተማረ። ወረቀቱ ላይ «1.2 በመቶ» ከሚል «ዘንድሮ ከአንተ ይህን ያህል ዶላር ወስደናል» የሚል ቢጻፍ ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ያየው ነበር።

ስለዚህ «ክፍያው ይፋ ይሁን» ብቻ ብዬ አልጠይቅም። ይፋ ሆኖም ተደብቆ መኖሩን ከወንድሜ መሳቢያ አይቻለሁ። በብር ይጻፍ ነው የምለው። ያልተሠራበት ነገርም አልጠየቅሁም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ለደንበኛው ጠቅላላውን ወጪ በመቶኛም በገንዘብም ደምረው እንዲነግሩት፣ ወጪው በትርፉ ላይ እየተጠራቀመ ምን እንደሚያደርስም እንዲያሳዩት ሕግ ያስገድዳቸዋል። እኛ ገና ከጅምሩ ላይ ነን። ሌላው አገር 40 ዓመት ተበልቶ የደረሰበትን እኛ በመጀመሪያው ቀን ልንጀምረው እንችላለን።

«ውድ ክፍያ የሚያስከፍለው ጎበዝ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለመርካቶ ጨርቅ ይሠራ ይሆናል፤ ውዱ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይበረታል። በፈንድ ግን የሚከፈለው ክፍያ ራሱ ከሚገኘው ዕቃ ላይ የሚቀነስ ነው። አሜሪካዊው ጆን ቦግል ይህን ገና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተረድቶ ቫንጋርድ የተባለውን የፈንድ ድርጅት መሠረተ፤ በ1976 እ.ኤ.አ. ገበያውን በጅምላ የሚይዝ፣ መራጭ የማያስፈልገው፣ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነ ፈንድ ለተራው ሰው አቀረበ። 150 ሚሊዮን ዶላር ይሰበሰባል ተብሎ 11 ሚሊዮን ብቻ መጣ፤ በሙያው ያሉት ሳቁበት። ዛሬ እንዲህ ያሉት ፈንዶች በትሪሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዘዋል።

ታዋቂው አሜሪካዊ ባለሀብት ዋረን ባፌትም በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ውርርድ ገባ። እሱ ያንን ርካሽ የጅምላ ፈንድ ያዘ። ተወራራጁ ድርጅት ደግሞ ከፍተኛ ክፍያ የሚያስከፍሉ፣ በባለሙያ የሚመረጡ ሄጅ ፈንዶችን (ለባለሀብቶችና ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሠሩ ፈንዶችን) የሚይዙ አምስት ፈንዶችን መረጠ። 10 ዓመት ጠበቁ። በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የባፌት ርካሽ ፈንድ በድምሩ 125.8 በመቶ አድጓል። ከአምስቱ የተሻለው 87.7 በመቶ፣ የመጨረሻው 2.8 በመቶ ነበር። እነዚያ አስተዳዳሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። በድርብ ክፍያ ሥር ነበሩ፤ ፈንዱም ይወስዳል፣ ፈንዶቹን የሚመርጠውም ይወስዳል። ጎበዙ ፈረስ ሁለት ሰው ተፈናጦበት ነው የሮጠው።

ውርርዱን የማነሣው የእኛ ገበያ የአሜሪካ ነው ብዬ አይደለም። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም አንድ ባንክ ነበር። በጅምላ ለመያዝ ገና በቂ ኩባንያ የለም። ነገር ግን ሰዉ ቀድሞ እየገባ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን፣ በቴሌብር ሲሸጥ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። ከእነርሱ ውስጥ የእኔ ተማሪዎች አሉ፣ የፍኖተ ሰላም በርበሬ ነጋዴ አለ፣ ከደጀን የመጣች ነርስ አለች። 9,900 ብር በስልክ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ሕዝብ፣ ነገ የፈንድ ወኪል በስልኩ ሲመጣበት እንዲሁ አመልካች ጣቱን ይጭናል።

ወኪሉን ካነሣሁ አይቀር። ፈንድ የሚሸጥልን ሰው ከማን እንደሚከፈለው ልናውቅ ይገባል። የእኛ ሰው ደላላን ያውቀዋል፤ ቤት ሲገዛ «ከሻጩም ከእኔም ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የፈንድ ኮሚሽን ግን ከገንዘባችን ውስጥ በየዓመቱ፣ እኛ ፈንዱ ውስጥ እስካለን ድረስ፣ ሊከፈለው ይችላል። በአሜሪካ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈንዶች ለማስታወቂያና ለሽያጭ የሚያወጡትን ከነባር ባለድርሻዎች ሀብት ላይ እንዲያነሡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ማለትም አዲስ ደንበኛ የሚጠራው በነባሩ ገንዘብ ነው። ሕንዶች በ2013 እ.ኤ.አ. የተሻለ መንገድ አበጁ። እያንዳንዱ ፈንድ ያለ ወኪል በቀጥታ የሚገዛበት ርካሽ መስመር እንዲኖረው አስገደዱ። ሁለቱ መስመሮች የሚይዙት ንብረት አንድ ነው፤ የሚለዩት በወኪሉ ድርሻ ብቻ ነው። ምክር የፈለገ ከፍሎ ይመከር፣ ያልፈለገ አይክፈል። ይህ እኛም ዘንድ እንዲሠራ እለምናለሁ፤ ስልክ ያለው ሁሉ በቀጥታ መግዛት በሚችልበት ዘመን ላይ ነንና።

አስተዳዳሪዎቹን ለመበደል አልጽፍም። ፈንድ ማስተዳደር ሥራ ነው። ቢሮ አለው፣ ኦዲተር አለው፣ ንብረቱን በአደራ የሚይዝ ሦስተኛ ወገን አለው፣ ለእናንተም ፈቃድ ይከፍላል። ፈንዱ ገና ትንሽ ሲሆን ይህ ሁሉ ወጪ በጥቂት ሰው ላይ ስለሚያርፍ መቶኛው ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ይህን የማኅበራችንን ሒሳብ የያዝሁ ሰው አልክደውም። መጀመሪያ 40 አባል ሳለን የመዝገብ ወጪያችን ያስጨንቀን ነበር፤ 600 ስንሞላ ግን ያው መዝገብ፣ ያው ጸሐፊ፣ ያው ካዝና ነበር። ስለዚህ ፈንዱ ሲያድግ መቶኛው ይውረድ። 10 ሚሊዮን ለማስተዳደርና 1 ቢሊዮን ለማስተዳደር የሚፈጀው ድካም መቶ እጥፍ አይደለም። የሕንድ ተቆጣጣሪ ፈንዱ ባደገ ቁጥር የክፍያው ጣሪያ በደረጃ እንዲወርድ አድርጓል። እንግሊዞችም ሠራተኛው ሳይመርጥ በሚገባበት የሥራ ቦታ ጡረታ ፈንድ ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 0.75 በመቶ ጣሪያ አድርገዋል። ጣሪያው ለእኛ ስንት ይሁን የሚለውን እናንተ ከባለሙያዎቻችሁ ጋር ትመረምሩታላችሁ። ፈንዱ እያደገ ክፍያው ባለበት ከቆመ ግን፣ የእድገቱ ጥቅም ለማን እንደገባ ግልጽ ነው።

ሌላው የክፍያው ስም ብዛት ነው። የመግቢያ፣ የመውጫ፣ የአስተዳደር፣ የጠባቂ፣ የኦዲት፣ የአፈጻጸም፣ ፈንዱ ውስጥ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ ደግሞ የግብይት ወጪ። እያንዳንዱ ብቻውን ሲጠራ ትንሽ ነው። በገበያ ላይ የበርበሬ ነጋዴ የሚከፍለውን የተሸካሚ፣ የመጋዘን፣ የሚዛንና የኮሚሽን እየለየ ቢቆጥርም፣ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያውቀው አንድ ድምር ነው። ለእኛም ሁሉም ተደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጠን። የትርፍ ማስታወቂያም ሲወጣ ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ያለው ይነገር፤ «15 በመቶ አተረፍን» ተብሎ በሰሌዳ ተሰቅሎ በእጃችን 12 እንዳይደርስ።

ቋንቋውንም አደራ። ማኅበራችን ውስጥ ዲግሪ የያዘው መምህር እንኳ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የ60 ገጽ ውል አንብቦ አይጨርስም። በአማርኛ ይጻፍልን፤ ለእንጅባራና ለዳንግላ ወገኖቻችን በአዊኛ፣ ለሌላውም በየቋንቋው። ፊደሉም ያ እኔ ያላየሁት ደቃቅ ፊደል አይሁን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእጄ የጻፍሁትን አንድ ገጽ አባሪ አድርጌአለሁ። እትየ አይተውት «አሁን ገባኝ» ስላሉኝ ነው የላክሁት። ፈንዱ ለእያንዳንዱ ቆጣቢ በየዓመቱ መስከረም ላይ እንዲልከው የምፈልገው ደብዳቤ ነው፤ በስልክ መልእክትም ቢሆን ይበቃል። ከላይ የሰውየው ስም አለ። ከሥሩ አራት መስመር ብቻ።

«እስከ ዛሬ ያስገቡት ገንዘብ፦ ............ ብር
ዛሬ በእጅዎ ያለው፦ ............ ብር
ባለፈው ዓመት ከእርስዎ ላይ በጠቅላላ የወሰድነው ክፍያ፦ ............ ብር
በዚሁ ከቀጠለ በ20 ዓመት ከገንዘብዎ የሚደርሰን ድርሻ፦ ............»

አራተኛው መስመር ላይ ባዶው ቦታ ሰፋ ብሎ ተትቷል፤ «ሲሶ» ብሎ በቃል መጻፍም እንዲቻል ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም